የአደባባይ ምንጭ፣ የእንስሳት ምስልና የትርጉም ቃላት

ስለ ኦቶማን ዘመን ሥነ ሕንፃ የተጻፈን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ቸሽሜ» በሚለው ቃል ላይ ይቆማል። ቃሉ መንገደኛ የሚጠጣበትን፣ የሰፈር ሰው የሚቀዳበትን፣ በግንብ የተሠራ የአደባባይ ውሃ ያመለክታል። በአማርኛ ምን እንበለው?

«ፏፏቴ» በቦንጋ አቅራቢያ እንዳለው እንደ ባርታ ከገደል የሚወርደውን ውሃ ስለሚያሳስብ ያሳስታል። «ቦኖ» የዘመናዊ ቧንቧ አገልግሎት ስም ነው። «ምንጭ» ግን የተሻለ ነው፤ ቸሽሜ ከፋርስኛ የመጣና «ዐይን» ከሚለው ቃል የተወለደ ሲሆን፣ እኛም «የምንጭ ዐይን» እንላለንና። ስለዚህ «የአደባባይ ምንጭ» ብንል ሁለቱም ሐሳቦች ይጠበቃሉ። ውሃው የሚወርድበት ክፍል «አሸንዳ»፣ የሚጠራቀምበት «ገንዳ» ይባላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጌጡን ይመለከታል። በኢስታንቡል በ1728 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሦስተኛው አሕመድ ምንጭ ጌጡ በአመዛኙ አበባ፣ ፍራፍሬና የግጥም ጽሕፈት ነው። በእንስሳት ምስል ረገድ የታወቀው ምሳሌ በእስፔን አገር በአልሐምብራ ያለው፣ ዐሥራ ሁለት አንበሶች የተሸከሙት ገንዳ ነው፤ እርሱም የኦቶማን ሥራ አይደለም። በአገራችንም ከአክሱም ጥርብ ድንጋዮች መካከል በአንበሳ ራስ አምሳል የተቀረጹ የውሃ ማፍሰሻዎች ይገኛሉ፤ እነዚህን «አንበሳ ራስ አሸንዳ» ማለት ይቻላል።

ስሙ ሲለወጥ ምሳሌው የሚጠፋው ግን በሌላ እንስሳ ላይ ነው። በጥንታውያን የግእዝ ወንጌሎች የቀኖና ሰንጠረዦች መጨረሻ ላይ «የሕይወት ምንጭ» የሚባል ባለዓምድ ሕንፃ ይሣላል፤ በዙሪያው ወፎችና ባለቀንድ እንስሳት ይታያሉ። ሥዕሉን ከመዝሙረ ዳዊት ጋር ለሚያያይዝ አንባቢ፣ ወደ ውሃ የሚናፍቀው እንስሳ በግእዝ «ሀየል»፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ዋላ» ነው። ተርጓሚው በሥዕሉ መግለጫ ላይ «አጋዘን» ቢል ለእንስሳው ቅርበት ያለው ስም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተጠማችው ነፍስ ምሳሌነት ከአንባቢው ዐይን ይሰወራል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለት ፍች ለይቶ ያስቀምጥ፦ ለእንስሳት ጥናት የእንስሳው ስም፣ ለምሳሌያዊ ሥዕል ግን «ዋላ»። ተርጓሚም ቃሉን ከመምረጡ በፊት ምስሉ የሚያገለግለው ለጌጥ ይሁን ለምሳሌ ይመርምር።