ዓርብ ያልሆነው አርባ

ነገሌ ቦረና ከብት ሊገዛ የወረደ የደጋ ነጋዴ «በአርባ እንገናኝ» ቢባል ዓርብ የተባለ ይመስለዋል። ዓርብ ሲደርስ ሻጩ ከብቱን ሸጦ ወደ ቀዬው ከተመለሰ ሁለት ቀኑ ነው። በቦረናዎች አነጋገር አርባ ማለት ረቡዕ ነዋ! ዓርብ ጉማታ ይባላል። አርባ በኦሮምኛ ዝሆንም ነው፤ በአማርኛ ደግሞ 40። ዝሆኑን እንለፈውና ቀኑ ከየት እንደመጣ እንከተለው።

ስሙን ለብቻው ቢያዩት ብዙ አይናገርም። ሳምንቱን በሙሉ ሲደረድሩት ግን ይናገራል፦ አልሲኒማ፣ ታላሳ፣ አርባ፣ ካሚሳ፣ ጉማታ፣ ሳብዲ፣ አሃዳ። ነገሩን ያጋለጠው ሰኞ ነው። አልሲኒማ ዐረብኛዋን «አል» እንዳዘላት መጥቷል፤ ዐረቦች ሰኞን አል-ኢስነይን ይላሉና። ከግዕዙ ሰኑይ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ «አል»ን ከየት ያመጣታል? ጉማታም ጁምዓ ነው። አርባ እንግዲህ አል-አርቢዓእ መሆኑ ነው፤ ከእሑድ ሲቆጠር አራተኛው ቀን። ፊልቱና ዶሎ አዶ ያሉ ሶማሌዎች አርባዓ ይሉታል። ከጉሮሮ የሚወጣው ዐ በሶማልኛ ስላለ ቀርቶላቸዋል፤ ኦሮምኛ ስለሌለው ጥሎታል።

ታዲያ የእኛ ዓርብ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ፊደሉ ላይ ነው። ዛሬ አብዛኞቻችን በአልፋው አ «አርብ» ብለን ስለምንጽፍ ማስረጃውን ራሳችን አጥፍተነዋል። በቀድሞው አጻጻፍ ዓርብ በዐይኑ ዐ ይጀምራል፤ ረቡዕ ደግሞ በዐይኑ ይጨርሳል። ዐይኑ ፊት መቆሙና ኋላ መቆሙ ሁለቱን ግንዶች ይለያል። ረቡዕ፣ 40 የምንለው አርባ እና የዐረቡ አርበዓ የአራት ዘሮች ናቸው። ዓርብ የመጣው ግን ፀሐይ ጠለቀች ከሚለው «ዐረበ» ነው፤ የሰንበት ዋዜማ ነውና። ምዕራብም ከዚያው ነው። ከእስልምና በፊት ዐረቦች ራሳቸው ዓርብን ዐሩባ ይሉት ነበር፤ ጁምዓ በኋላ የተተካ ስም ነው። ነገሌ ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ ከመስጊድ የሚሰማው የመግሪብ ጥሪም የምዕራብ ወንድም ነው፤ ዐረብኛ በ«ገይን» የሚለውን ግዕዝ በዐይኑ ዐ ይለዋል።

የደጋው ኦሮምኛ ረቡዕን ሮቢ ይላል፣ የትምህርት ቤቱም ይኸው ነው። ሞያሌ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ስዋሂሊ ሲገቡ ደግሞ ጁማታኖ ይሆናል፤ ጁምዓ እዚያ ሳምንት የሚል ትርጉም ይዟል፣ ታኖም አምስት ነው፣ ቆጠራው ከቅዳሜ ስለሚጀምር።

አርባን ወደ ቦረና ማን አመጣው ለሚለው ቀላሉ መልስ ባለሱቁ ነው። ቦረና የራሱ 27 የቀን ስሞች አሉት፤ ጨረቃና ከዋክብትን የሚያነብቡት አያንቱዎች እነዚያን ይቆጥራሉ። የሰባት ቀን ሳምንት የሚያስፈልገው ለገበያ ነው፣ ገበያውን ደግሞ ሙስሊም ነጋዴ ይዞት መጣ ማለት ያስኬዳል። የሚያስኬደው ግን ግመል አርቢዎቹ ዘንድ እስኪደርሱ ብቻ ነው።

በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ጋብራዎችና በሰሜን ኬንያ ያሉት ሬንዲሌዎች ነባር እምነታቸው እስልምና አይደለም። የቀን ስሞቻቸው ግን የዐረቡ ናቸው፤ ይባስ ብሎ ዓመቱንም በነዚሁ ስሞች ይጠሩታል። የካሚሳ ዓመት አለ፣ የጉማታ ዓመት አለ። የአርባ ዓመት ልጅ ነኝ የሚል ጋብራ ዕድሜውን እየነገረን አይደለም፤ የተወለደው በረቡዕ ዓመት ነው።

ስሌቱ ለእንቁጣጣሽ አክባሪ አዲስ አይደለም። 365 ቀን ለሰባት ሲካፈል 52 ሳምንት ሆኖ አንድ ቀን ይተርፋል፤ ዓመቱ ረቡዕ ከባተ ቀጣዩ ሐሙስ ይብታል። መስከረም 1 ቀን 2017 ረቡዕ ዋለ፣ የ2018ቱ ሐሙስ። እኛ ዘንድ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ቀን እንዘላለን፤ 2015 እሑድ ብቶ 2016 ማክሰኞ ገባ። የጋብራ ዓመት ግን ጳጉሜን 6 የለውም። ምንም ሳይዘል በየሰባት ዓመቱ ወደ ረቡዕ ይመለሳል፣ በአራት ዓመትም አንድ ቀን ከፀሐይ ይለያል። በቀን የሚሰየም የ365 ቀን ዓመት ሶማሌዎችም ዘንድ አለ፤ መባቻውን እሳት ለኩሰው ዳብሺድ ብለው ያከብሩታል።

ጀርመናዊው አንትሮፖሎጂስት ጉንተር ሽሌ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን የግመል አርቢዎች ባህል መሠረት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦሮሞ መስፋፋት በፊት ያደርገዋል። ያ ልክ ከሆነ ሳምንቱ ቆላውን የረገጠው ሱቅ ከመከፈቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በግመል ነው። በእኔ ግምት ቦረናም አርባን ከባለሱቁ ይልቅ ከግመል አርቢ ጎረቤቱ ሳይሰማው አልቀረም። የራሱን 27 ግን አልጣለም። ሁለቱ ቆጠራዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ አንድ የቦረና ቀን ከአርባ ጋር ዛሬ ከገጠመ ዳግም የሚገናኙት ከ189 ቀን በኋላ ነው።