የኬቤክ ድልድይና የዘገየው ማስጠንቀቂያ

የድልድይ ጽናት በብረቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የሚመሩት ሰዎች የተነገራቸውን በጊዜው ሰምተው በጊዜው ሲያዝዙ ጭምር ነው እንጂ። በካናዳ አገር በታላቁ በሴንት ሎረንስ ወንዝ ላይ የተሠራው የኬቤክ የምድር ባቡር ድልድይ ታሪክ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

በ1900 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር አማካሪው መሐንዲስ ቴዎዶር ኩፐር በኹለቱ ታላላቅ ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ488 ሜትር ወደ 549 ሜትር ከፍ እንዲል አደረገ። ርቀቱ ሲጨምር የብረቱም ክብደት እንደሚጨምር የታወቀ ሲኾን፥ ስሌቱ እንደ ገና በሚገባ ሳይመረመር ቀረ። በ1906 ስሕተቱ በተገለጸ ጊዜም ሥራው እጅግ ስለ ገፋ፥ ኩፐር አያሠጋም ብሎ እንዲቀጥል ፈቀደ። እርሱም ሸምግሎ ጤናው ስለ ደከመ፥ በኒው ዮርክ ተቀምጦ ከሩቅ ያዝ ነበር።

በ1907 በኦገስት ወር ሸክሙን የተሸከሙት የታችኞቹ ብረቶች ሲጐብጡ ታዩ። በቦታው ያሉት አለቆች አንዱ ጕብጠቱ ቀድሞም የነበረ ነው፥ ሌላው አዲስ ነው እያሉ ሲከራከሩ ሥራው ቀጠለ። ተቈጣጣሪው ኖርማን ማክሉር ግን ነገሩን በቃል ለማስረዳት ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ኩፐርም በ29ኛው ቀን ይህን ሰምቶ ሌላ ክብደት እንዳይጨመር ቴሌግራም ላከ፤ ነገር ግን የላከው ብረቱን ወደሚሠራው ኩባንያ ወደ ፔንሲልቫንያ እንጂ ሠራተኞቹ ወዳሉበት አልነበረም። በዚያው ቀን ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሊመለሱ ሲቃረቡ ድልድዩ ፈረሰ፤ በላዩ ከነበሩት 86 ሰዎች 75ቱ ሞቱ። ከሟቾቹም ከ30 የሚበልጡት ካናዋኬ ከምትባል ከአንዲት የሞሆክ ነገድ መንደር የመጡ ስለ ነበሩ፥ በዚያች መንደር ብዙ ሴቶች ባሎቻቸውን፥ ብዙ ልጆችም አባቶቻቸውን በአንድ ቀን አጡ።

በመንግሥት የተሾመው መርማሪ ጉባኤ በ1908 የጥፋቱ ምክንያት የንድፉ ጕድለት መኾኑን አስታወቀ። የካናዳ መንግሥትም ሥራውን ራሱ ይዞ ከፊተኛው እጅግ የከበደ ድልድይ አሠራ። በ1916 የመካከሉ ክፍል ወደ ላይ ሲሳብ ወድቆ ደግሞ 13 ሰዎች ሞቱ፤ በ1917 ግን ሥራው ተፈጽሞ ባቡር ተሻገረበት። ከምሰሶ በተዘረጉ የብረት ክንዶች ከተሠሩት ድልድዮች መካከል እስከ ዛሬ በስፋቱ የሚወዳደረው የለም።

በሥራ ላይ የተሾመ ሰው ከዚህ ታሪክ ሊያስተውለው የሚገባው አንድ ነገር አለ። ጕብጠቱን ያየ ዐይን፥ ያየውንም የተናገረ አፍ አልታጣም። የታጣው ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ሠራተኞቹን ከድልድዩ የሚያወርድ ትእዛዝ ነው፤ ይህም ትእዛዝ ቢሰጥ ኖሮ የአንድ ቀን ሥራ እንጂ የ75 ሰዎች ሕይወት ባልጠፋ ነበር።