ስለ 4,294,967,297 ጠባይ

የሰንጠረዥ ገበታ 64 ቤቶች አሉት። በመጀመሪያው ቤት አንድ የስንዴ ቅንጣት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እያልን በየቤቱ እጥፍ ብናደርግ በ33ኛው ቤት የሚቀመጠው ስንዴ 4,294,967,296 ቅንጣት ይሆናል። በዚህ ላይ አንዲት ቅንጣት ሲጨመር የሚገኘው ቁጥር የዚህ ጽሑፍ ርእስ ነው። ያለዚያች ቅንጣት ቁጥሩ ከ2 ብዜት ብቻ የተሠራ ስለሆነ ጠባዩ ግልጽ ነው፤ ከርሷ ጋር ግን ሊቃውንቱን 92 ዓመት አሳስቷል።

ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይከፍለውን ቁጥር ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን። በቱሉዝ የፍርድ ሸንጎ ያገለግል የነበረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ ነው) 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 የተባሉትን ቁጥሮች መረመረ። ከአንዱ ወደሚቀጥለው የሚደረሰው 1 ቀንሶ፣ የቀረውን በራሱ አባዝቶ፣ 1 መልሶ በመጨመር ነው። አምስቱም ብቸኛ ናቸው፤ ስድስተኛው የእኛው ቁጥር ነው። ፌርማ እርሱም ሆነ ከርሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ፤ ማስረጃ እንዳላገኘለት ግን አልሸሸገም።

ጎልድባኽ በ1729 ነገሩን ለወጣቱ ኦይለር አነሣለት። ኦይለርም በ1732 ቁጥሩ ለ641 ሲካፈል 6,700,417 ደርሶ ምንም እንደማይቀር አሳየ። በጭፍን ለመፈተን የሚነሣ ሰው ከ65,536 በታች ያሉት 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች ይጠብቁታል። ነገር ግን ኦይለር ቆይቶ እንዳረጋገጠው፣ ይህን ቁጥር የሚከፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። እንዲህ ያሉት በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው፤ በአምስተኛው ሙከራ ይደረስበታል ማለት ነው። ይህም ሕግ የሚወጣው ፌርማ ራሱ በዚያው በ1640 ከጻፈው ሌላ ደንብ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሚያስደንቀው የኦይለር ማግኘት ሳይሆን የፌርማ አለማግኘት ነው።

ረጅሙን ማካፈል ሳይሠሩም ማረጋገጥ ይቻላል፤ አንባቢ እርሳስ ይያዝ። 641 ማለት 640 ሲደመር 1 ነው፤ ደግሞም 625 ሲደመር 16 ነው። አራት 640ዎችን እርስ በርሳቸው ብናባዛ 167,772,160,000 እናገኛለን። ከዚህ 1 ሲቀነስ የሚቀረው የ639፣ የ641ና የ409,601 ብዜት ስለሆነ 641 ይከፍለዋል። አሁን 640 ማለት 5 ጊዜ 128 ነውና ያው 167,772,160,000 ማለት 625 ጊዜ 268,435,456 ነው። የ33ኛው ቤት ስንዴ ደግሞ 16 ጊዜ 268,435,456 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 641 ጊዜ 268,435,456 ይሆናሉ፤ ይህንም ድምር 641 ይከፍለዋል። እንግዲህ 641 ሁለት ቁጥሮችን ከከፈለ ልዩነታቸውንም ይከፍላል። ከድምሩ ላይ ያን 1 የጎደለውን ቁጥር ብንቀንስ የሚቀረው 4,294,967,297 ነው።

ነገሩ የጂኦሜትሪም ነው። ጋውስ በ1796፣ 19 ዓመት ሳይሞላው፣ ባለ 17 እኩል ጎን ቅርጽ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ሊነደፍ እንደሚችል አገኘ፤ የጎኑ ብዛት ብቸኛና ከፌርማ ቁጥሮች አንዱ የሆነ ቅርጽ ሁሉ እንዲሁ ይነደፋል። የእኛ ቁጥር ብቸኛ ቢሆን ኖሮ ከነዚህ ይቆጠር ነበር።

ከርሱ ቀጥለው ያሉት 27 የፌርማ ቁጥሮችም ብቸኛ እንዳልሆኑ ተረጋግጧል፤ ከመካከላቸው የሚከፍላቸው ቁጥር ገና ያልታወቀ አሉ። ከ65,537 የሚበልጥ ብቸኛ የፌርማ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም፤ እንደሌለም ማንም አላረጋገጠም።