ሰርቨሩ ለምን ማታ ማታ ይጠፋል?

ቀን ሲሠራ የዋለው ድረ ገጽ፣ ባለሙያው ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ጥፍት ይላል። ሰርቨር ሳስተዳድር በቆየሁባቸው ዓመታት የዚህን ያህል ደጋግሞ የገጠመኝ ጥያቄ የለም። ወጣቶቹ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን ይጠረጥራሉ፤ ሲያገላብጡት ያድራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኮዱ ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው ፕሮግራሙን ባስነሱበት መንገድ ላይ ነው።

ዩኒክስን ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ጀመሩት። ዛሬ አብዛኛው ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስም የዩኒክስን ደንብ የተከተለ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በስልክ መስመር በተያያዘ ተርሚናል ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ ሲስተሙ ከዚያ ተርሚናል ለተነሡት ፕሮግራሞች ሲግሃፕ የሚባል ምልክት ይልካል፤ ምልክቱን እንዲያልፍ ያልተነገረው ፕሮግራም ሥራውን ያቆማል። የስልኩ መስመር በኢንተርኔት ተተካ እንጂ ደንቡ ዛሬም አለ።

በጃቫ የተሠሩ ድረ ገጾችን ከሚያስተናግዱት ፕሮግራሞች ስሙ የገነነው ቶምካት ነው። ጄምስ ደንከን ዴቪድሰን ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ሳለ የጀመረው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተሰጥቶ እስካሁን በነፃ ይገኛል። ቶምካት ሳይቋረጥ ለወራት መሥራት ይችላል። ግን ከተርሚናል ላይ እንደ ተራ ፕሮግራም ካስነሡት፣ ተርሚናሉ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ብዙዎች "ኖሃፕ" በምትባለው ትዕዛዝ ይህችን ችግር ያልፏታል። ሌሊቱን ያሻግራል፤ እውነት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ማሽኑ ይነሣል፣ ቶምካት ግን ሰው እስኪያስነሣው ይጠብቃል። ያ ሰው ፈቃድ ላይ ከሆነ ደንበኛው ባዶ ገጽ እያየ ይውላል።

ስለዚህ አገልግሎቱን ለሲስተሙ ለራሱ ማስረከብ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የተስፋፋው ሲስተምዲ በብዙዎቹ ሊኑክሶች ላይ ይህን ኃላፊነት ይወስዳል። ከእኛ በዋናነት የሚፈልገው ጥቂት መስመር ያላት አንዲት የጽሑፍ ፋይል ናት፦ ቶምካት በየትኛው ትዕዛዝ ይነሣ፣ በማን ስም ይሂድ፣ ቢወድቅ ምን ይደረግ።

"በማን ስም" የሚለው ላይ ቆም በሉ። ዩኒክስ በተለምዶ ከ1024 በታች ያሉትን የኔትወርክ ፖርቶች ለሩት፣ ማለትም ሁሉን ለሚችለው ተጠቃሚ፣ ብቻ ይፈቅዳል፤ የተለመደው የድር ፖርት ደግሞ 80 ነው። በዚህ የተነሣ ቶምካትን በሩት ስም የሚያስኬዱ አሉ። ይህ ለእንግዳ ተቀባይ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ማስያዝ ነው፤ ድረ ገጹን ሰብሮ የገባ ሰው ማሽኑን በሙሉ ይወርሳል። ቶምካት ሲመጣ የተዘጋጀለት 8080 ላይ፣ አቅም በሌለው ተጠቃሚ ስም ይሂድ፤ ፊት ለፊቱ ኢንጂንኤክስ የተባለው የድር ሰርቨር ቆሞ ጥያቄውን ያቀብለው።

ፋይሏ ላይ ልትጻፍ የሚገባት፣ ብዙዎችን የምታስደነግጥ አንዲት ቁጥር አለች፤ 143። ሲስተምዲ ቶምካትን በትክክል ሲያቆመው እንኳ "ወድቋል" የሚል ቀይ መልእክት ያወጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ "ሥራህን ጨርሰህ ውጣ" የሚለው ምልክት ቁጥሩ 15 ነው። ጃቫ ምልክቱን ተቀብሎ ሲወጣ 128 ይጨምርበትና 143 ብሎ ይመልሳል፤ ሲስተምዲ ደግሞ ይህን እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። 143 ደኅና መውጫ መሆኑን ፋይሏ ላይ አንድ መስመር ጽፎ መንገር ይበቃል።

አጥፉት ሲባሉ ቶሎ ወደ ምልክት 9 የሚሮጡትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያ ምልክት ለፕሮግራሙ ፋታ አይሰጥም፤ በመሃል ያለው የደንበኛ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ሲስተምዲ ራሱ በተለመደው አሠራሩ 90 ሰከንድ ይታገሣል፤ እኛም እንታገሥ።

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ፣ አገልግሎቱ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ ማሽኑን ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ አብሩትና እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ። ድረ ገጹ ማንም ሳይነካው ካልተመለሰ ሥራው አላለቀም፤ አታስረክቡ።