«ቡናማው ግሉኮስ ይሰቀልልኝ»፦ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን ለማን ነው?

ዛሬ ስለ ደም ማነስ መድኃኒት እናውራ፤ ስለሚዋጠው ብቻ ሳይሆን በደም ሥር ስለሚሰጠውም።

ሸዋ ሮቢት ላይ አንዲት የ4 ልጆች እናት ወደኔ መጡ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ)። በፌስታል 2 አምፑል ይዘዋል። «ዶክተር፣ ጎረቤቴ ደብረ ብርሃን ሄዳ ቡናማ ግሉኮስ ተሰቅሎላት፣ ይኸው ተነስታ ሽንኩርቷን ትኮተኩታለች። ለኔም ስቀልልኝ» አሉኝ።

ሄሞግሎቢናቸው 7.1 ነው። ውሃ ይዘው ትንሽ ሲራመዱ ልባቸው ድው ድው ይላል፤ ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል። አፈር እንደሚያምራቸውም አፈር እያሉ ነገሩኝ (ይሄ አያሳፍርም፣ የታወቀ የአይረን እጥረት ምልክት ነው)። ግን እጃቸውን ስይዘው ይፋጃል። የወባ ምርመራ አሠራን፤ ወባ አለ።

ስለዚህ አልሰቀልንም። በጣም ቅር አላቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ኢንፌክሽን ሲገባበት ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ሄፕሲዲን የአይረን በር ጠባቂ በሉት፤ አንጀት አይረን እንዳያስገባ፣ መጋዘን ያለውም እንዳይወጣ ይቆልፋል። ተህዋሲያንም አይረን ስለሚፈልጉ ሰውነት መደበቁ ነው። በዚህ ሰዓት በደም ሥር አይረን ማፍሰስ ጥቅሙ ትንሽ፣ ስጋቱ ብዙ ነው። ወባ ደግሞ ራሱ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል፤ ይህን ጉዳት አይረን አያድነውም። መጀመሪያ ወባው ይታከም።

ለይፋት ቆላ ሰው ይሄን የምደጋግመው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ 57 በመቶ። ሁሉም ግን የአይረን እጥረት አይደለም። ወባ አለ፣ በባዶ እግር መስኖ ውስጥ ሲሠራ የሚገባ የመንጠቆ ትል አለ፣ የተደራረበ ወሊድ አለ። «ደም አነሰሽ» የሚለው ውጤት የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

(በነገራችን ላይ ቦታም ለውጥ አለው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሰው ራሱ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል። 12.5 ሸዋ ሮቢት ላይ «ደህና ነው» ቢባል ደብረ ብርሃን ላይ ሊያሳስብ ይችላል።)

ታዲያ ክኒኑ ለምን «አልሠራም» ይባላል? ብዙ ጊዜ አወሳሰዱ ነው። ክኒኑን ውጦ ወዲያው አቦል ላይ መቀመጥ! ቡናና ሻይ አይረኑን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ ወተትና የጨጓራ መድኃኒትም እንደዚያው። ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑር። በባዶ ሆድ፣ ከቻላችሁ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ውሰዱት። ሆድ ካስቸገረ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ቀን በቀን መሆኑ ቀርቶ አንድ ቀን እየዘለላችሁ መውሰድ ይቻላል፤ ያ በር ጠባቂ በመሃል ስለሚረጋጋ የሚገባው አይረን ጥሩ ነው። ሰገራ መጥቆሩ አያስደንግጣችሁ። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም መጋዘኑ እንዲሞላ 3 ወር ያህል ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ግን ገና ሲሻለው ነው።

መርፌው ሁልጊዜ ከክኒን ይበልጣል የሚለውም ልክ አይደለም። ወባ ባለባት ማላዊ በ862 ነፍሰ ጡሮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አለ። እርግዝናቸው 36 ሳምንት ሲሆን በደም ሥር አይረን ከወሰዱት 52 በመቶው፣ ክኒን ከዋጡት 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚደፋ አልነበረም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ገርሞኛል።

ለማን ነው ታዲያ? ክኒኑን በትክክል ሞክሮ ለማይቀበለው ወይም ለውጥ ላላመጣ፣ አንጀቱ ለማይመጥ፣ ከሚተካው በላይ ደም ለሚፈሰው፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ወሊድ ደርሶ ጊዜ ላጠረው። በእርግዝና የመጀመሪያ 3 ወር አይሰጥም። ደም መስጠትን የሚተካም አይደለም፤ ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል።

ወደ እናታችን ልመለስ። ወባው ታከመ፣ ክኒኑን በደንብ ወሰዱ፣ ከወር በኋላ ግን 7.8 ላይ ቆሙ። የወር አበባቸውን ዘርዘር አድርጌ ስጠይቃቸው 9 ቀን ይፈሳቸዋል፤ «የሴት ነገር ነው ብዬ ነው» አሉኝ። አልትራሳውንድ ላይ ማዮማ ተገኘ። አሁን መርፌው ቦታውን አገኘ፤ ቀዶ ሕክምናው ከመድረሱ በፊት ደማቸው መሙላት አለበት።

መጠኑ በግምት አይደለም። 50 ኪሎ ናቸው፤ ከ15 ላይ 7.8 ሲቀነስ 7.2፤ በ50 ከዚያ በ2.4 አባዝተን ለመጋዘኑ 500 ስንደምር 1,364 ሚሊግራም መጣ። አይረን ሱክሮስ የሚባለው ዓይነት በአንድ ጊዜ 200 ሚሊግራም፣ በሳምንት ቢበዛ 3 ጊዜ ስለሚሰጥ 7 ጊዜ መመላለስ ነው። ያ በፌስታል የመጣው 2 አምፑል የአንድ ቀን ብቻ ነበር! (በአንድ ቀን ብዙ የሚሰጥባቸው አዳዲስ ዓይነቶችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከበድ ይላል።)

ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት ያለች ነርስ ጋር፣ እባካችሁ አታሰጡ። አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ይነሳል፤ አድሬናሊን ባለበት ጤና ተቋም ብቻ መሰጠት አለበት። ካለቀ በኋላም 30 ደቂቃ ቁጭ በሉ። ደረት ከጨመደደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ካበጠ ወዲያው ተናገሩ። የተወጋው ቦታ ካቃጠለም ዝም አትበሉ፤ ከደም ሥር ውጭ የፈሰሰ አይረን ቆዳ ላይ ለዓመታት የማይለቅ ቡናማ እድፍ ሊተው ይችላል።

እናታችን 7ኛውን ጨርሰዋል። ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን የምንለካው ከመጨረሻው መርፌ 4 ሳምንት በኋላ ነው፤ ፌሪቲን ቀድሞ ከተለካ በሐሰት ከፍ ብሎ ያታልላል። እሳቸው ግን ከአሁኑ «አፈሩ አያምረኝም» ብለውኛል።