ያውቁ ኖሯል? ሞተሯ ሳይነሳ የምትሄድ መኪና

ማርሽ እንደገባላት የቆመች መኪናን ለማንቀሳቀስ ሞተሪኖው ብቻውን እንደሚበቃ ያውቁ ኖሯል? ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያሽከረክር ጎማውንም አብሮ ይገፋል። መኪናዋ በባትሪ ኃይል ብቻ ትሄዳለች፤ ሞተሩ ከተነሳማ ጉዞው ይቀጥላል።

በሞጆና በመቂ መካከል እንዳለችው ዓለም ጤና ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ በፀሐይ የጋለችን መኪና ከሩቅ አስነስቶ ማቀዝቀዝ ያጓጓል። በእጅ ማርሽ መኪና ላይ ግን ፍሪሲዮኑን የሚረግጥ ሰው ስለሌለ፣ መኪናዋ በራሷ እንዳትሄድ የርቀት ማስነሻው ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ አለበት።

ዘዴው እጅግ ብልህ ነው። አሽከርካሪው የእጅ ፍሬን ይይዛል፤ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ነቅሎ ይወርዳል፤ በሩን ሲቆልፍ ሞተሩ ይጠፋል። ሰው ከወረደ በኋላም መኪናዋ ባለችበት ቆማ መሥራቷ ማርሹ ዜሮ ላይ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ከዚያ አንድ በር ቢከፈት ማርሹ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ማስነሻው አይታዘዝም። ለዚህ ሲባል የእጅ ፍሬኑና የሁሉም በሮች ስዊች ሽቦ ከመሣሪያው ጋር ይያያዛል፤ አንድ የኋላ በር እንኳ ከተረሳ ጥበቃው ይጎድላል።