አዲስ የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ ለምን ይደፈርሳል? እንዴትስ ይጠራል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በመኖሪያ ቤቶች፣ በሆቴል መግቢያ አዳራሾችና በክሊኒክ ማረፊያ ክፍሎች የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ ማየት የተለመደ ነው። ገንዳውን የሚገዛው ባለቤቱ ቢሆንም፣ በየዕለቱ ዓሦቹን የሚመግበውና መስታወቱን የሚወለውለው ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው ነው። ገንዳው በተሞላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውኃው እንደ ወተት ሲነጣ ወይም ወደ ቢጫነት፣ አረንጓዴነትና ቡናማነት ሲለወጥ ቀድሞ የሚደነግጠውም ይኸው ሰው ነው። ድንጋጤው ደግሞ ውኃውን በሙሉ ደፍቶ፣ ገንዳውንና ማጣሪያውን በሳሙና ወይም በበረኪና አጥቦ እንደገና ወደ መሙላት ይገፋል። ዓሦቹን የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከድፍርሱ ይልቅ ይህ ጥድፊያ ነው።

ስለዚህ መንስኤውን መለየት ይቀድማል። የገንዳ መብራቶች በአብዛኛው ሰማያዊነት ስላላቸው ዓይንን ያታልላሉ፤ የውኃውን ትክክለኛ ቀለም ለማየት በነጭ ባልዲ ቀድቶ በቀን ብርሃን መመልከት ይሻላል። ውኃው ነጭ ከሆነ ደግሞ የሳሙና ቅሪት በሌለበት ብርጭቆ ቀድቶ ሳይነካኩ ማሳደር ይጠቅማል። ሲነጋ ከብርጭቆው ሥር ዝቃጭ ተቀምጦ ላዩ ከጠራ፣ ድፍርሱ የአሸዋ ብናኝ ወይም ያልሟሟ ማዕድን ነው። እንደነጣ ካደረ ግን ምክንያቱ ባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የአሸዋው ብናኝ ቀላሉ ነው። ለጨው ውኃ ገንዳ የሚሸጠው የኮራል አሸዋ ደቃቅ ዱቄት ስላለው፣ በሚገባ ሳይለቀለቅ ከተጨመረ ውኃውን ያነጣዋል። በማጣሪያው ውስጥ ንጹሕ የማጣሪያ ጥጥ አድርጎ፣ ጥጡ ሲቆሽሽ እየለወጡ ጥቂት ቀናት መጠበቅ በቂ ነው። አሸዋውን ደጋግሞ ማማሰል ግን ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቀው የባክቴሪያው ድፍርስ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ከተረፈ ምግብ፣ ከዓሣ እዳሪና በዐለቱ ላይ ከሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች በአንድ ጊዜ ይራባሉ፤ ውኃውም ጉም የለበሰ ይመስላል። ምግቡ ሲያልቅባቸው ቁጥራቸው ይቀንስና ውኃው በራሱ ይጠራል። እነርሱ እየተራቡ ሳለ ግን ከውኃው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ የሚተነፍሱ ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ የአየር ፓምፕ መጨመርና ምግብ መቀነስ ሳይውል ሳያድር የሚደረግ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ሂደትም አለ። ከእዳሪና ከብስባሽ የሚወጣው አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን በአንጻራዊነት ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ያሳወቃቸው እነዚህ ባክቴሪያዎች በዐለቱ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ዕድገታቸው አዝጋሚ ነው፤ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው ለመገኘት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ማጣሪያውን በበረኪና የሚያጥብ ሰው የሚገድለው እነዚህን ሲሆን፣ ቆጠራውም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። አሞኒያ ደግሞ ቀለም የለውም። መስታወት የመሰለ ጥርት ያለ ውኃ ዓሣ ሊገድል ይችላልና፣ ዓይንን ከማመን በመመርመሪያ ጠብታ መለካት ይገባል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ዓሣ አለመጨመር ነው የሚሻለው።

አንዳንድ ጊዜ ነጩ ነገር ከጨው አቀላቀል የሚመጣ ነው። ጨው ዓሣ ባለበት ገንዳ ላይ በቀጥታ አይበተንም፤ በተለየ ባልዲ ውስጥ በትንሽ ፓምፕ እየተነቃነቀ በሚገባ ከሟሟ በኋላ ይጨመራል። የተለመደው መጠን በአንድ ሊትር 35 ግራም አካባቢ፣ የሙቀቱ ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ካልሲየምና የአልካሊነት ማሻሻያዎችን በአንድ ጊዜ ማብዛትም ማዕድኑ እንደ በረዶ ተፈልቅቆ እንዲወርድ ያደርጋል።

ቢጫነት ከምግብና ከብስባሽ የሚሟሟ ነገር ሲጠራቀም የሚታይ ሲሆን፣ አክቲቬትድ ካርቦን የተባለው የማጣሪያ ከሰል በፍጥነት ያነሣዋል፤ ከሰሉ በየጥቂት ሳምንቱ ካልተለወጠ ግን አይሠራም። አረንጓዴነት በዓይን የማይለዩ ተንሳፋፊ አልጌዎች መራባት ነው፤ መብራቱን ማሳጠር፣ ገንዳውን ከመስኮት ፀሐይ ማራቅና ምግብ መቀነስ ይረዳል። በአሸዋውና በመስታወቱ ላይ የሚጋገረው ቡናማ ሽፋን ደግሞ ዳያተም የሚባል አልጌ ነው። በውኃና በአሸዋ ውስጥ ያለ ሲሊኬት ይመግበዋል፤ ሲሊኬቱ ሲያልቅ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

እዚህ ላይ የቧንቧው ውኃ ጉዳይ ይነሣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ውኃ በአብዛኛው ከባሕር ተቀድቶ ጨው የወጣለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ክሎሪን ወይም ክሎራሚን ይጨመርበታል፤ በጣሪያ ታንከርም ይቀመጣል። ክሎሪን ውኃውን ክፍት አድርጎ በማሳደር ሊተን ይችላል፤ ክሎራሚን ግን በዚህ መንገድ አይጠፋም። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውኃ መጠቀም፣ ካልሆነም ክሎሪንና ክሎራሚን የሚያጠፋውን መድኃኒት መጨመር ያስፈልጋል። ከወደብና ከመዝናኛ ዳርቻ በጀሪካን የተቀዳ የባሕር ውኃ ዘይትና ተህዋስያን ሊይዝ ስለሚችል አይመከርም።

ውኃ መለወጥ ካስፈለገ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ይወጣል፤ የሚተካውም በጨውና በሙቀት ከነበረው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። አየር ማቀዝቀዣ በሚሠራበት ክፍል ውኃው ሲተን ደግሞ ጨው አብሮ ስለማይሄድ፣ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው። ይህ ሳይታወቅ በየቀኑ የጨው ውኃ ሲጨመር ጨዋማነቱ ሳይታሰብ ከፍ ይላል።

የማጣሪያው ስፖንጅ ሲቆሽሽ ከገንዳው በወጣ ውኃ ባልዲ ውስጥ ተለቅልቆ ይመለሳል እንጂ በቧንቧ ሥር አይታጠብም። ገንዳው የአሠሪ ከሆነ፣ ማናቸውንም መድኃኒት ከመጨመር በፊት የውኃውን ፎቶ አንሥቶ ለባለቤቱ ማሳየትና የተለወጠውን ውኃ፣ የተጨመረውን ነገርና የልኬቱን ውጤት ከነቀኑ መጻፍ ይጠቅማል። የዓሣ ሱቁ ባለሙያም ምክር ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።